ለመዝጋቢዋ የሠራሁት ወንበር

ልጃችን እኔን ሳትጠይቅ አስመዝግባን ኖሯል። የነገረችኝም በስልክ ነው፤ ያውም ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰኞ ዕለት። የሰፈሩ የአረጋውያን እንክብካቤ ቢሮ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት አንዲት መዝጋቢ ይልካል፤ ሴትየዋ ቤቱን አይታ፣ እናቷን አይታ፣ ቅጽ ትሞላለች፤ የሚገባን ሆኖ ከተገኘ በሳምንት ሦስት ቀን ተንከባካቢ ይመደብልናል። «አባዬ፣ እሺ በለኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ልጅ እሺ ካላሉት ያለቅሳል፤ አርባ ዓመት ቢሞላውም ያለቅሳል። ስልኩን ስዘጋ ግን ፈርቼ ነበር።

የፈራሁት ምን እንደሆነ ልናገር። ባለቤቴ ግራ ጎኗ ከሰነፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የማነሳት እኔ፣ የማጥባት እኔ፣ መጸዳጃ ቤት የማደርሳት እኔ። ሰው ቤቴ ገብቶ ይህን ካየ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን ይላል፣ ነገ በየቀኑ ይላል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ «አባባ፣ እርስዎ አልቻሉም» ብሎ መጦሪያ ያስገባታል። እኔ ባዶ አልጋ ታቅፌ እቀራለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ግን ነገር ሲጀመር እንዴት እንደሚያልቅ አውቃለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ፎርማኑ መጥቶ «ሥራ በዝቶብሃል፣ ሰው ላግዝህ» አለኝ። እኔም ሞኙ አመሰገንኩት። ያገዘኝ ሰውዬ በስድስተኛው ወር የእኔን ማሽን ያዘ፤ እኔን ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ላይ ጣሉኝ። እሱ ዲፕሎማ ነበረው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከዚያ ወዲህ «ላግዝህ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ የማየው እጁን ሳይሆን ዓይኑን ነው።

ደግሞ ጎረቤታችን ሾፌሩ አለ። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ሾፌሩ ነው የምንለው። እሱ ጋ ተንከባካቢ ትመጣለች። እግሩ ስለሚያብጥ ታሽለታለች፣ መድኃኒቱን ታዘጋጅለታለች፣ የእግሩን ጥፍር ሳይቀር ትቆርጥለታለች። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ስትቆርጥለት አየሁና፣ መሪውን ለእሷ አስረክበህ አንተ ተሳፋሪ ሆንክ አልኩት። «አንተ እንጨት፣ የአንተ ጥፍር በመላጊያ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለኝ። ተንከባካቢዋም ሳቀች። የእሱን ረስቼዋለሁ፤ የእሷ መሳቅ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

እንግዲህ መርማሪ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ማንም አናጢ ያውቃል። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ትሞላለህ፣ ሲደርቅ ታሸዋለህ፣ ቫርኒሽ ትቀባዋለህ፣ ከዚያ ጥሩውን ፊት ሰውዬው ወደሚመጣበት ታዞረዋለህ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቤቴን እንደዚያ አደረግሁት። አልጋዋ ሥር ያለውን ባልዲ ጓዳ ከተትኩ። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ እንድትይዘው የዘረጋሁትን ገመድ ፈታሁ። ባለፈው ወር ወድቃ የበለዘው ክንዷ እንዳይታይ እጅጌው ረጅም የሆነ ሹራብ አለበስኳት።

ትልቁ ሥራ ወንበሩ ነበር። ከዝቅተኛ ወንበር ብቻዋን መነሳት አትችልም፤ ጉልበቷ ብዙ መታጠፍ የለበትም። ስለዚህ አራት የጣውላ ቁራጭ ቆርጬ ከወንበሩ እግሮች ሥር አደረግሁና አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረግሁት። ቁራጮቹ እንዳይታዩ ከላይ እስከ ወለሉ ጨርቅ አለበስኩት። በደንቡ ቢሆን በቡሎን ነበር መጥበቅ ያለበት። ለአንድ ጠዋት ነው ብዬ በኮላና በአንዳንድ ሚስማር ያዝኩት።

ከዚያ አለማመድኳት። እኔ መዝጋቢዋን ሆኜ በር ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ሦስተኛው ላይ ደክሟት ተንፍሳ፣ «አንተ ሰው፣ ልትሸጠኝ ነው እንዴ? ቫርኒሽ ነው የቀረኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ ግን ብዙም አልሳቀችም፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

መዝጋቢዋ በሰዓቷ መጣች። አርባ ግድም የሆናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሻይ አቀረብኩ። እሷ ባለቤቴን ስትጠይቅ እኔ እመልሳለሁ። ማን ያጥባቸዋል? ራሷ ትታጠባለች። ሌሊት ይነሳሉ? ብድግ ብላ። ወድቀው ያውቃሉ? ኧረ በጭራሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የምዋሸው። በአራተኛው ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ አባባ ጥያቄው የእሳቸው ነው አለችኝ፤ በትሕትና ነው ያለችው፤ እኔ ግን ጆሮዬን የያዙኝ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ባለቤቴን እስቲ ብድግ ይበሉ አለቻት። ባለቤቴ በቀኝ እጇ የወንበሩን ክንድ ገፍታ ተነሳች። ወንበሩ ሲጥ አለ። እኔ ሳልኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ «አገልግሎቱ ቢሰጣችሁ ለመጠቀም ፈቃደኛ ናችሁ ወይ?» የሚል ነበር። አሁን እኔን አላየችኝም፤ ባለቤቴን ብቻ ነው ያየችው። ባለቤቴ እኔን አየች። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ አየች።

«እሱ ይበቃኛል» አለች።

መዝጋቢዋ ጻፈች። እንድፈርም ሰጠችኝ፤ ፊርማዬ ስሜን በሙሉ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠበቀችኝ። ስትወጣ በር ላይ ቆማ፣ በዚህ ሰፈር ያለው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሌሎች ሦስት ቤቶች እየጠበቁ መሆኑን፣ ዓርብ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ለአንዱ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። ሐሳብዎን ከለወጡ ከዚያ በፊት ቢሮ ይምጡ አለች። ምን ቆርጦኝ፣ አልኩ በሆዴ።

ሾፌሩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሞልቼ፣ አንተ ተሳፈር፣ እኛ በእግራችን እንሄዳለን አልኩት። ያን ቀን ምሳ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ ጠዋት ነው ነገሩ የተገለበጠው። ያ የመስኮቱ አበባ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሰንብቷል። ውኃ ላጠጣው ብዬ አፈሩን ብነካው ጭቃ ሆኗል። እኔ ደግሞ ካጠጣሁት ሳምንቴ ነው። ጣሪያው ያፈስ ይሆን ብዬ ቀና አልኩ፤ ደረቅ ነው። ነገሩ አልገባኝምና ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። የረሳሁትን ጨርቅ ላነሳ ስመለስ ባለቤቴ በደህና እጇ የውኃ ብርጭቆዋን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ አበባው ውስጥ ስትደፋ ደረስኩባት።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። አበባው ጠምቶት ነው አለች። የጠማውስ አንቺን ነው፣ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል አልኳት። ከንፈሯን ነፋስ ነው የሰነጠቀው ብዬ ነበር እስከዚያ ቀን። ቅባት ሁሉ ቀብቼላታለሁ።

ብርጭቆውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ከጠጣሁ መነሳት አለብኝ። ስታነሳኝ ወገብህ ይጮኻል። አንተ አትሰማው ይሆናል፤ የእኔ ጆሮ ግን አጠገቡ ነው።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሻትም?»

«ፊትህን አየሁት። ከማሽንህ ያነሱህ ቀን ይዘኸው የመጣኸውን ፊት።» ብርጭቆውን ጭኗ ላይ አዞረች። «ሴት እንድታጥበኝ እፈልጋለሁ። ክፉ ሆነህ አይደለም፤ ግን እንደ ጣውላ ነው የምታገላብጠኝ። አርባ ሦስት ዓመት ሚስትህ ነበርኩ። አሁን ሥራህ ሆኛለሁ።»

ለፎርማኑ፣ ለዲፕሎማው፣ ለሾፌሩ የምመልሰው አጥቼ አላውቅም፤ ቢያንስ በሆዴ እመልሳለሁ። ለዚህኛው የመለስኩት በእግሬ ነው። ኮቴን ለበስኩ። ነገ ዓርብ ነው።

ማን ይጠብቃት? ያን ጠዋት ተንከባካቢዋ ሾፌሩ ጋ ነበረች፤ በአጥሩ በኩል ድምፅዋ ይሰማል። አንድ ቃል ብናገር በቂ ነበር። ግን ትናንት ያንን ተናግሬ ዛሬ ሚስቴን ጠብቁልኝ ልበል? እንኳን ልለው ሳስበውም ቆሽቴ አረረ። ስለዚህ ባለቤቴን ከፍ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ድንገት ብትነሳ ይቀላታል ብዬ። ሁለት ብርጭቆ ውኃ አጠገቧ ቆሜ አጠጣኋት፤ እስከ ጠብታው። ስልኩ አንድ ነው፤ እኔ ይዤው ወጣሁ። ሾፌሩ «እንዴት አደራችሁ» እያለ እንዳይገባ በሩን ከውጭ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ቢሮው በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። አዳራሹ በሽማግሌ ሞልቷል። ዘበኛው ቁጥር ሰጠኝ፤ ሠላሳ ስምንት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ አሥራ ሰባት ይላል። ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያለውን ሰውዬ ልጁ አጅቦት መጥቷል፤ ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር ልጁ ይመልስለታል። ሰውዬው በመጨረሻ አፉን ዘጋና ባርኔጣውን ያገላብጥ ጀመር። እኔም ረቡዕ እንደ ልጁ ነበርኩ ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሁለት ብርጭቆ ማጠጣቴ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁለት ብርጭቆ ከጠጣች እስካሁን መሄድ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ትነሳለች። ብትነሳ ምን አለበት፣ ወንበሩ ከፍ ያለ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ ሥራዬ ራሱ መጥቶ ፊቴ ቆመ። በኮላና በአንድ ሚስማር የተያዘ ቁራጭ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ክብደት ይችላል። ወደ ጎን የሚገፋውን አይችልም። እሷ ደግሞ ግራዋ ስለማይታዘዛት ወደ ቀኝ ገፍታ ነው የምትነሳው። ረቡዕ ወንበሩ ሲጥ ያለው ለዚህ ነው። እኔ በሳል የሸፈንኩት እሱን ነው።

ሃያ። ሃያን ያስተናገደችው ጸሐፊ ተነስታ ወጣች፤ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ልሂድ አልኩ። ብሄድ ግማሽ ሰዓት አውቶቡስ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አውቶቡሱን መጠበቅ። እስክመለስ ተራዬ ያልፋል፤ አዲስ ቁጥር እስኪደርሰኝ ቢሮው ይዘጋል፤ ነገ ስብሰባ ነው፤ ቦታው ይሄዳል፤ እሷም ውኃዋን ለአበባ ማጠጣቷን ትቀጥላለች። ብቀመጥስ? ብቀመጥ ደግሞ እዚያ ወለሉ ላይ... ሃያ አንድ አልመጣም። ጸሐፊዋ አልተመለሰችም።

በመስታወቱ ውስጥ መዝጋቢዋን አየኋት፤ ወረቀት ይዛ በኮሪደሩ ታልፋለች። ተነሳሁ። ዘበኛው ቁጥርዎ አልደረሰም፣ ይቀመጡ አለኝ። አልፌው ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ ሰልፍ ሊያበላሽ ነው ብሎ ያጉረመርማል። ድሮ እንዲህ ሲጉረመረምብኝ ተመልሼ እቀመጥ ነበር፣ ከዚያ አሥር ዓመት አኝከው ነበር።

«ልጄ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «አትነሳም። ያስነሳኋት በወንበሩ ነው። አሁን ብቻዋን ናት፤ በሩን ቆልፌባታለሁ።»

ባርኔጣውን የሚያገላብጠው ሰውዬ ሳይቀር ዞረ። መዝጋቢዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤትዎ ቤት ዛሬ ሠራተኛችን አለች አይደል አለችና ስልኳን አወጣች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ተንከባካቢዋ ወዲያው አነሳች። የእግሯ ኮቴ፣ የአጥሩ በር፣ ከዚያ በሬ ሲንኳኳ ሰማሁ። አንኳኳች። እንደገና አንኳኳች። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች፤ ጆሮዋን እያስጠጋች ነው መሰለኝ።

«ወድቀዋል» አለች። «ደህና ነኝ ይላሉ፤ ግን ያቃስታሉ። በሩ አይከፈትም።»

ከኋላዋ የሾፌሩ ድምፅ መጣ። እግሩን እየጎተተ መጥቷል። በሩን ሲገፋው ይሰማኛል። «ይህን በር እኔ ቀርቶ ጭነት መኪናም አይጥለው፤ ወጥ እንጨት ነው» ይላል። ማን ነገረው? እኔ። በሩን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአጥሩ ላይ ስለ በሬ ስነግረው ኖሬአለሁ።

መዝጋቢዋ አየችኝ። ስልኩ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«የበሩ የታችኛው ሰሌዳ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። እንጨት አልቆብኝ ነው። በአራት ሚስማር ብቻ ነው የተያዘው፤ በእግርህ ግፋው።»

ሾፌሩ መግፋቱን ተወ።

«ወጥ እንጨት ነው አላልከኝም?»

«ዋሽቼ ነው። ግፋው።»

ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ተንከባካቢዋ ተንፏቃ ስትገባ፣ እማማ እማማ ስትል፣ ከዚያ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንዳለች አልለየሁትም። ደህና ናቸው፣ ዳሌያቸውን ነው የመታቸው፣ የተሰበረ አይመስለኝም፣ ግን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል አለች ተንከባካቢዋ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

መዝጋቢዋ ልሂድ ብላት አንድ ደቂቃ ብላ ያዘችኝ። ቅጹን አወጣች፣ የትናንቱን ሰረዘችና ከመጀመሪያው ጠየቀችኝ። ቆሜ መለስኩ። ብቻዋን አትታጠብም። ሌሊት አትነሳም። ባለፈው ወር ወድቃለች፤ ዛሬም። የእኔስ ወገብ? የእኔ ወገብ አልቋል። ስለ ወገቤ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻው ላይ ደረሰች።

«ለመጠቀም ፈቃደኛ ናችሁ?»

«እሷ ፈቃደኛ ናት።»

«እርስዎስ?»

«ጻፊው» አልኳት።

ጻፈች። ቃል ግን አልገባችልኝም። እነዚያ ሦስት ቤቶች አሁንም አሉ፤ ነገ የሚወስነው ስብሰባው ነው፤ እኔ መዝገቡን አቀርባለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም አለች። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ቤት ስደርስ የበሬ የታችኛው ግማሽ አፉን ከፍቷል። ሾፌሩ ደጃፌ ላይ ያበጠ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ቁልፌን አውጥቼ ላልፈው ስል ከውስጥ የተንከባካቢዋ ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩ። ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት እያጠብኳቸው ነው።»

በገዛ ቤቴ ውጭ ቆይ ተባልኩ። ይህን ደግሞ ከእነዚያ ሁሉ ቂሞቼ ጋር ልደምረው ፈለግሁ፤ እጄ ግን ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ሾፌሩ ትንሽ ተጠጋና ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ቀዳዳውን ያያል፣ እኔን ያያል።

«አራት ሚስማር ብቻ?»

«ሦስት ነው። አንዱ ራስ የለውም።»

ሊስቅ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። አልሳቀም። እግሩን እያሸ፣ እኔም ተንከባካቢዋ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆልፌ ሁለት ሰዓት ተቀምጬባታለሁ አለኝ። ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ከውስጥ ባለቤቴ ስትስቅ የሰማናት። የውኃ ድምፅ አለ፣ የተንከባካቢዋ ወሬ አለ፣ ከዚያ መሃል እሷ ትስቃለች። ግራ ጎኗ ከሰነፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ስለ እኔ ይሆን? እንደ ጣውላ ማገላበጤን ነግራት ይሆን? በቀዳዳው ጆሮዬን ላስጠጋ ከጅሎኝ ነበር፤ ሾፌሩ አጠገቤ ስላለ አፈርኩ። ሳቋ ቆመ፣ ውኃው እንደገና ፈሰሰ፣ እንደገና ሳቀች፤ እኔም ቁልፉን በእጄ እያገላበጥኩ ስለ ነገ አሰብኩ። ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት።